ከመዋጮ ባሻገር፦ ወላጆችና ነዋሪዎች የመንግሥት ትምህርት ቤታቸውን ለማሻሻል የሚሄዱበት መንገድ

በአብዛኞቹ የአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወላጅ ወደ ግቢው የሚጠራው በሁለት ምክንያት ነው፤ ልጁ ሲያጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያስፈልግ። የዓመቱ ስብሰባ አካሄድም የታወቀ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ሪፖርት ያነባሉ፣ አጥሩ መታጠር ወንበሩም መጠገን እንዳለበት ይገለጻል፣ ከየቤተሰቡ የሚዋጣው ይወሰናል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ልጆቹ ማንበብ ችለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን አይነሣም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ጥያቄ በአጀንዳው ላይ ለማስያዝ፣ ከዚያም መልስ እስኪያገኝ ለመከታተል ለሚፈልጉ ወላጆችና ነዋሪዎች ነው።

ጉዳዩ አጣዳፊ መሆኑን የሚያውቅ ብዙ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት የ12ኛ ክፍል ውድቀት አድርጎ መውሰድ ግን ስሕተት ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በፈተና አዳራሽ የተቀመጠው የዚያው ዘመን ትውልድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ባስጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ማኅበረሰቡ ለክፍል ግንባታና ለጥገና በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት እየተሳተፈ ነው። ይህ ተሳትፎ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ክፍሉን የሠራ ማኅበረሰብ በክፍሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የመጠየቅ መብትም ኃላፊነትም አለበት፤ ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ግን የሚነግረው አላገኘም።

1. የትኛው ውሳኔ በማን እጅ እንዳለ መለየት

ብዙ የወላጆች ጥረት ገና ከጅምሩ የሚከሽፈው ጥያቄው መልስ ሊሰጥበት ወደማይችል ሰው ስለሚቀርብ ነው። ርእሰ መምህሩን «የሒሳብ መምህር ለምን አይቀጠርም?» ብሎ ማፋጠጥ ከንቱ ነው፤ መምህር የሚቀጥረው፣ የሚመድበውና የሚያዛውረው በአብዛኛው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። በተቃራኒው የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የመጻሕፍት ዕደላ፣ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ከሚልከው የድጎማ በጀት ምን እንደሚገዛ የሚወሰነው እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት የክልል ትምህርት ቢሮ ጉዳይ ናቸው። በትምህርት ቤቱና በወረዳው መካከል ደግሞ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን አንድ ላይ የያዘ የጉድኝት ማዕከል አለ፤ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ በየትምህርት ቤቱ እየተዘዋወረ ክፍል ገብቶ ስለሚያይ፣ እውነቱን ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ ግን ወላጅ ሄዶ የማያነጋግረው ሰው ነው። የመጀመሪያው ጉብኝታችሁ ለእርሱ ቢሆን ብዙ ትጠቀማላችሁ።

የወላጅ ሕጋዊ መግቢያ በር የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ወይም በአጭሩ ወተመህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ቀድሞ የወላጅና መምህር ህብረት ይባል የነበረውን ይህን አካልና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድን ያቋቋመው፣ ወላጅ በዕቅድ ዝግጅት፣ በገቢና ወጪ ክትትልና በተማሪዎች ሥነ ምግባር ጉዳይ እንዲሳተፍ ብሎ ነው። ክልሎች ከዚያ ወዲህ የየራሳቸውን መመሪያ ስላወጡ የአባላት ቁጥር፣ የምርጫ ጊዜና ዝርዝር ሥልጣን ይለያያል። ስለዚህ የክልላችሁን መመሪያ ቅጂ ከርእሰ መምህሩ ወይም ከወረዳው ተቀብላችሁ፣ የወተመህን ተግባር የሚዘረዝረውን ክፍል በጋራ አንብቡት። ብዙ የወተመህ አባላት ሳያነቡት የአገልግሎት ዘመናቸው ያበቃል።

2. ጥቂት ሰዎችን ማሰባሰብ

ለመጀመር ከሰባት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ሰው ለማግኘት አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ እድሩ፣ የቡና ጉባኤው፣ ልጅ ለማድረስ በትምህርት ቤቱ በር የሚገናኙ እናቶች ተሰባስበው የቆዩ ናቸው። ከቡድኑ ውስጥ ልጆቻቸው በታችኛው ክፍል የሚማሩ እናቶች፣ ቢቻል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሒሳብ መያዝ የሚችል ሰው፣ እንዲሁም ከወቅቱ የወተመህ አባላት ቢያንስ አንድ ሰው ቢኖሩበት መልካም ነው። በስብሰባ ላይ ደኅና ተናጋሪ የሆኑትን ብቻ መሰብሰብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ለስምንት ወር ሳይሰለች የሚመላለስ ሰው ነው። ቡድኑ የማንኛውም ፓርቲ ወይም ሃይማኖት ጥላ እንዳያርፍበት ከመጀመሪያው ቀን በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። እንቅስቃሴው በወተመህ ጥላ ሥር እስከተካሄደ ድረስ የተለየ ምዝገባ አይጠይቅም።

3. በገዛ ዓይን መመዘን

ከሁሉም እርምጃዎች ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። «የትምህርት ጥራት ወድቋል» ብሎ የሚመጣ ወላጅን ማንኛውም ኃላፊ በሪፖርት ያስተናግደዋል፤ «ከመዘገብናቸው 40 የአራተኛ ክፍል ልጆች መካከል የሁለተኛ ክፍል ምንባብ ማንበብ የቻሉት እነዚህ ያህል ናቸው» የሚልን ወላጅ ግን በሪፖርት መሸኘት አይቻልም። በሕንድ አገር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን በአንዲት ገጽ ሲመዝኑ የኖሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ዘዴው በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም መጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ተሠርቶበታል። ብልሃቱ ቀላልነቱ ነው፤ ማንበብ የሚችል ማንኛውም ወላጅ ምዘናውን ሊሠራው፣ ማንበብ የማይችል ወላጅም ውጤቱን ሊረዳው ይችላል።

መመዘኛውን ስታዘጋጁ ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ላይ አራት ነገር ጻፉ። የመጀመሪያው አሥር ፊደላት ናቸው፤ እነዚህ ግን በተራ መደርደር የለባቸውም። «ሀ ሁ ሂ» ተብሎ በዜማ የተጠናውን ልጁ ፊደሉን ሳያይም ይወርደዋልና «ቡ፣ ሊ፣ ሞ፣ ጥ፣ ዋ» እያላችሁ ቤቱን ቀላቅሉት። ቀጥሎ ሁለትና ሦስት ፊደል ያላቸው አሥር የተለመዱ ቃላት፣ ከዚያ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት አንቀጽ፣ በመጨረሻም በሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ልክ የተጻፈ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ያለው አጭር ታሪክ ከሁለት የመረዳት ጥያቄዎች ጋር ይቀመጣል። ታሪኩ ከመጽሐፉ የተቀዳ ሳይሆን አዲስ መሆን አለበት። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በአንዲት ልጅ ነው።

በልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጅ ተወካይ በነበርኩበት ዓመት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከእናቷ ጋር ከቢሮው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከአማርኛ መጽሐፏ አንድ ገጽ አነበበችልን። ሳታቋርጥ፣ ድምፅዋን እየጣለችና እያነሣች፣ እንደ መምህርቷ አድርጋ ነው ያነበበችው፤ እናቷም ደስ ብሏቸው ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ጣቴን ከገጹ መሐል ባለች ቃል ላይ አድርጌ «ይቺ ምን ትላለች?» አልኳት። ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከገጹ አናት ጀምራ በለሆሳስ ወረደችው፤ ቃሎቹን በልቧ እየቆጠረች ጣቴ ካረፈበት ስትደርስ «ወንዝ» አለች። ትክክል ነበረች። መጽሐፉን ግን በቃሏ ይዛዋለች እንጂ አታነብም ነበር። እናቷ «ማታ ማታ ስታነብልኝ እኮ አንብባ መስሎኝ ነው» አሉ፤ እርሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ ልዩነቱን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ካርዷ ላይ የአማርኛ ውጤቷ 78 ነበር።

ምዘናውን ለማካሄድ የርእሰ መምህሩ ፈቃድ በጽሑፍ ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ወላጆች እየፈቀዱ በእድር ቤት ወይም በየቤቱ ማካሄድ ይቻላል። ጎበዞቹ ብቻ ተመርጠው እንዳይቀርቡ ከስም መጥሪያው ላይ በየአምስተኛው ያለውን ልጅ ውሰዱ። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ ሌሎች ልጆች በማይሰሙበት ነገር ግን ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይጠየቅ። ከአንቀጹ መጀመር ጥሩ ነው፤ አንቀጹን ያነበበ ወደ ታሪኩ ይሻገራል፣ ያቃተው ወደ ቃላቱ፣ ከዚያም ወደ ፊደላቱ ይወርዳል። የሚመዘገበው ክፍሉ፣ ጾታውና የደረሰበት ደረጃ ብቻ ነው። ስም አይጻፍም፤ ልጁም በምንም መንገድ «ወድቀሃል» አይባልም። ለአንድ ልጅ ከአምስት ደቂቃ በላይ ስለማይወስድ አራት ሰዎች በአንድ ቅዳሜ ጠዋት 40 ልጆችን በቀላሉ ይጨርሳሉ። ሒሳብን መጨመር ከፈለጋችሁ መበደር ያለበት ባለ ሁለት አሃዝ ቅነሳ ሁለት ጥያቄ በቂ ነው።

ሌላም ምንም ወጪ የማይጠይቅ መለኪያ አለ፤ ደብተር። ልጆች በየክፍለ ጊዜው ቀን ጽፈው ማስታወሻ ይገለብጣሉ። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ የተመደበለት ትምህርት በስምንት ሳምንት ውስጥ ወደ 40 ቀን ሊታይበት ሲገባ፣ የአምስትና የስድስት ልጆች ደብተር ጎን ለጎን ሲገለጥ ሁሉም ላይ ሃያ ቀን ብቻ ከታየ፣ ክፍለ ጊዜ እየባከነ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ማስታወሻ የማይጻፍባቸው ትምህርቶች መኖራቸውን ግን መርሳት አይገባም፤ ይህን መረጃ ለመጠየቅ ተጠቀሙበት እንጂ መምህር ለመክሰስ አታውሉት። ተማሪን በመምህሩ ላይ ሰላይ አድርጎ ማሠማራት ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

4. ሰነዶቹን ማግኘት

የራሳችሁን ምዘና ከያዛችሁ በኋላ የትምህርት ቤቱን ሰነዶች ጠይቁ። ሦስት ሰነዶች ከሁሉም ይበልጣሉ።

የመጀመሪያው የኢንስፔክሽን ውጤት ነው። በኢንስፔክሽን ማዕቀፉ መሠረት ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ፤ ከመቶው ውስጥ 25ቱ ለግብዓት፣ 35ቱ ለሂደት፣ 40ው ለውጤት የተያዘ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 በአንዱ ይመደባል። ደረጃውን አሟላ የሚባለው ደረጃ 3 ላይ የደረሰ ነው። ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ደረጃው ብቻ ነው፤ እናንተ ግን ዝርዝሩን ጠይቁ። በግብዓት ደኅና አግኝቶ በሂደት የወደቀ ትምህርት ቤት ችግሩ የሕንፃ አይደለም፤ እንዲህ ላለ ትምህርት ቤት አጥር ማጠር በሽታውን ትቶ ልብሱን እንደ ማጠብ ነው።

ሁለተኛው የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ ነው። ዕቅዱ በአራት ርእሰ ጉዳዮች የተከፈለ ነው፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ትምህርት ቤቱ ግለ ግምገማ አድርጎ፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ የሦስት ዓመትና የዓመት ዕቅድ እንዲያወጣ ይጠበቃል፤ ወላጅም በዝግጅቱ መሳተፍ አለበት። የባለፈው ዓመት ዕቅድ ከዘንድሮው ጋር ሲነጻጸር ቀኑ ብቻ ተቀይሮ የተገለበጠ ሆኖ ከተገኘ ይህ ራሱ ለውይይት የሚበቃ ግኝት ነው።

ሦስተኛው የድጎማ በጀቱና የውስጥ ገቢው ሒሳብ ነው። ድጎማው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚላክ ነው፤ በዚህ ላይ ከሣር ሽያጭ፣ ከባሕር ዛፍ፣ ከሱቅ ኪራይ የሚገኝ ገቢ አለ። ገቢና ወጪውን በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ትልቅ ነው። በኡጋንዳ ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላከው የነፍስ ወከፍ ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበር ተደርሶበታል። መንግሥት የሚላከውን መጠን በጋዜጣ ማውጣትና ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በሰሌዳ እንዲለጥፉ ማድረግ ከጀመረ በኋላ፣ የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። አጥኚዎች የለውጡ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ብለው አልተስማሙም፤ ወላጅ ስንት እንደተላከ ካወቀ ግን ስንት እንደደረሰ መጠየቁ አይቀርም።

ሰነድ በቃል ከተከለከላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት፣ መልስ የተከለከለ ሰውም እስከ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አዋጁን በመጀመሪያው ቀን መጥቀስ ግን አያስፈልግም። በትሕትና የተጠየቀ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል።

5. አንድ ጥያቄ መምረጥ

ከምዘናውና ከሰነዶቹ በኋላ የችግሮች ዝርዝር በእጃችሁ ይበዛል። ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ አሥራ አምስት ነጥብ አድርጎ ማቅረብ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ለአሥራ አምስቱም «እየተሠራበት ነው» የሚል አንድ መልስ ማግኘት ነው። አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ ወሳኙ በስም የሚታወቅ፣ በአንድ የትምህርት ዘመን ሊፈጸም የሚችል፣ መፈጸሙም በቁጥር የሚታይ ይሁን። «የንባብ ችሎታ ይሻሻል» ምኞት ነው። «ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል በየቀኑ የመጀመሪያው 30 ደቂቃ ለንባብ ብቻ እንዲውል፣ እያንዳንዱ ልጅም መጽሐፍ በእጁ እንዲይዝ» ግን ጥያቄ ነው።

ገንዘብ የማይፈልግ ጥያቄ ማስቀደም በተለይ ለመጀመሪያው ዓመት ብልህነት ነው፤ የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለሌላው የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኛ የገጠመንን ልንገራችሁ። በክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ሆነው የሚያነቡ ልጆች እያየን፣ በመጋዘኑ ውስጥ ሲባጎው ያልተፈታ የመጽሐፍ ክምር አገኘን። መጀመሪያ ሁላችንም ተናደድን። ንብረት ክፍሉ ግን «ልጆቹ ከጣሉት ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው፤ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል» አሉን፤ ደረሰኞቻቸውንም አውጥተው አሳዩን። መጽሐፉን መጋዘን ውስጥ ያስቀረው ክፋት አልነበረም፤ ኃላፊነቱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መውደቁ ነበር። መፍትሔውም ወላጅ ፈርሞ እንዲወስድና በሰኔ እንዲመልስ፣ ለጠፋውም ወላጅ እንዲጠየቅ፣ መክፈል ለማይችለው ደግሞ እድሩ እንዲሸፍን መስማማት ሆነ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መጽሐፎቹ ከመጋዘን ወጡ። ጥያቄያችንን «መጽሐፍ ይገዛልን» ብለን አቅርበን ቢሆን ኖሮ እስካሁንም እየጠበቅን በነበርን።

6. መምህራንን አስቀድሞ ማነጋገር

ምዘናው ሲወጣ መምህራን መጀመሪያ የሚሰማቸው መወቀስ ነው፤ ይህን አለማሰብ ሙሉ ጥረቱን ሊያበላሸው ይችላል። የተቀመጠው መስፈርት በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል፤ ሰባና ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘው፣ በደመወዛቸው የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው፣ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምሩ መምህራን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ውጤቱን ለሕዝብ ከማቅረባችሁ በፊት ለመምህራኑ ለብቻቸው አሳዩዋቸው፤ «ይህን ለመቀየር ከእኛ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። «ልጆቹ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ርቧቸው ይተኛሉ»፣ «ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ግማሹ ይቀራል»፣ «ከስብሰባ ብዛት ክፍል መግባት አልቻልንም» የሚሉ፣ ወላጅና ወረዳ ሊፈቱት የሚችሉት ነገር ይወጣል።

ለዚህ ውይይት፣ ነዋሪዎች አገልግሎት ሰጪ ተቋማትን በሚጠይቁበት የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በብዙ ወረዳዎች የተሠራበት የማኅበረሰብ ውጤት ካርድ የተባለ ዘዴ ይጠቅማል። ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን በመጀመሪያ በየራሳቸው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በተመሳሳይ አምስት ወይም ስድስት ነጥቦች ላይ ከአንድ እስከ አምስት ውጤት ይሰጣል፣ ምክንያቱንም ይጽፋል። እናቶችና አባቶችም እንዲሁ ቢለያዩ ይሻላል፤ ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤትና ልጃገረዶች በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት ስለመቅረታቸው አባቶች ባሉበት የሚያነሣ የለም። ከዚያ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ወላጅ ሁለት የሰጠበት ነጥብ ላይ መምህራን አራት ሰጥተው ከሆነ ውይይቱ ከዚያ ይጀምራል። የወረዳው ኃላፊ ወይም የምክር ቤት ተመራጭ እንዲገኙ መጋበዝ ይገባል። ስብሰባውን የሚመራው ሰው የሁሉንም ወገን አክብሮት ያገኘ፣ የሰው ስም ሲነሣ ወደ ጉዳዩ የሚመልስ መሆን አለበት። በመጨረሻ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚል ባለ ሦስት ዓምድ ሰሌዳ ተሞልቶ በቦታው ይፈረም፤ በእኔ ልምድ ፊርማው ለነገ ሲባል ፈራሚው ይጠፋል።

7. ጥያቄውን በወቅቱና በሥርዓቱ ማቅረብ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀት የሚፈልግ ጥያቄ በመስከረም ይዞ መሄድ ሰርገኛ ከተበተነ በኋላ ድግስ መጠየቅ ነው፤ ወረዳው ዕቅዱን በሚያዘጋጅበት ወቅት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መቅረብ አለበት። የመምህር ምደባና የክፍል ድልድልን የሚመለከተው ደግሞ ዝውውር ከመጠናቀቁ በፊት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይቅረብ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ጥያቄው በመጀመሪያው አንቀጽ፣ የምዘናው ውጤት በሁለተኛው፣ ማኅበረሰቡ በበኩሉ የሚያደርገው በሦስተኛው ይስፈር፤ የወተመህ ቃለ ጉባኤና የወላጆች ፊርማ ይያያዝ። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፤ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤትና ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ይሂድ። ቁጥር ያልያዘ ደብዳቤ የለም ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ሰው ይሂድ፤ ሁልጊዜም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጻፍ። ወረዳው መልስ ካልሰጠ ወደ ዞን ወይም ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ቢሮ ይኬዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል፤ ሰላማዊ ሰልፍም መብት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሆኖም ልጆችን ከክፍል አስወጥቶ ሰልፍ ማድረግን አልደግፍም፤ የምንታገለው እነርሱ ክፍል ውስጥ እንዲማሩ ነውና።

8. መዋጮ ሲጠየቅ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንዲሰጥ አድርጎ ነበር፤ እርሱን በተካው አዲስ ፖሊሲም ትምህርት በነጻ መሰጠቱ ቀጥሏል። መዋጮ የፈቃድ ነው፤ መዋጮ ባለመክፈሉ ምክንያት ልጅ ከምዝገባ ወይም ከክፍል ሊከለከል፣ ካርዱም ሊያዝበት አይገባም። ለማዋጣት ከተስማማችሁ መጀመሪያ የሥራው ዝርዝርና ግምት ይቅረብ፤ ገንዘቡ ሞዴል 64 በተባለው የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ብቻ ይሰብሰብ፤ አቅም የሌለው በጉልበት ወይም በምንም ሳይሳተፍ ቢቀር ስሙ በስብሰባ አይጠራ። ሥራው ሲያልቅ ወጪው በሰሌዳ ይለጠፍ። መዋጮውንም ከጥያቄያችሁ ጋር ማያያዝ ትችላላችሁ፤ «ለቤተ መጻሕፍቱ ወንበር እናሠራለን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በሳምንት ለየክፍሉ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስገባበታል» የሚል ውል በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ወንበር ተሠርቶለት በቁልፍ የተዘጋ ቤተ መጻሕፍት ከማየት የሚያሳዝን ነገር የለም።

9. መከታተልና ማስረከብ

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ በየወሩ አንድ ቀን ተገናኝታችሁ ባለ ሦስት ዓምዱን ሰሌዳ ፈትሹ። የተፈጸመውን ስታዩ በይፋ አመስግኑ፤ ለወረዳው የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፍ ወላጅ ጥቂት ስለሆነ የሚጽፍ ሰው ቀጣይ ደብዳቤው ቶሎ ይነበብለታል። ያልተፈጸመውን ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ርእሰ መምህር ወይም የወረዳ ኃላፊ በዓመቱ አጋማሽ መቀየሩ የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ አዲሱ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት የተፈረመውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና ተዋወቁ።

በሰኔ መጀመሪያ ምዘናውን ድገሙት። ገጹ አዲስ፣ ክብደቱ ግን እንደ ፊተኛው ይሁን፤ አመራረጡም እንዲሁ በየአምስተኛው ስም ነው። ሁለቱን ውጤቶች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች እንዲታይ በየደረጃው ያሉትን ልጆች ቁጥር በጥራጥሬ ወይም በነጥብ አሳዩ፤ በዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባም ከርእሰ መምህሩ ሪፖርት ቀጥሎ አቅርቡት። ለውጥ ካልታየ ይህንንም ሳትደብቁ ተናገሩ፤ የመረጣችሁት መፍትሔ አልሠራ ይሆናል፣ ለሚመጣው ዓመት ሌላ ይመረጣል።

የምዘና ገጾቹ፣ የተመዘገበው ውጤት፣ መዝገብ ቁጥር የያዙት ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎቹና የክልሉ መመሪያ ቅጂ በአንድ ፋይል ተይዘው ልጃቸው ገና አንደኛ ክፍል ለገባ ሁለት ወላጆች በፊርማ ይተላለፉ። እነዚያ ሁለቱ በግቢው ውስጥ ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቆያሉ፤ የልጆቻቸው ስም ባለበት ስም መጥሪያ ላይም በጥቅምት የመጀመሪያውን አምስተኛ ስም የሚቆጥሩት እነርሱ ናቸው።